የ1965 ቮልስ የፊት ፓራውልት መያዣ ተሰብሮ ፓራፋንጎውን እየጎዳው ነው

ጥያቄ፦ የቮልስ ባለቤት (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ከአባቴ የተረከብኩት ቮልስ ሊብሬው ላይ የ1965 እ.ኤ.አ. ሥሪት ተብሎ ተመዝግቧል። የፊት ፓራውልቱ (የግጭት መከላከያው ብረት) በግራ በኩል ማዘንበሉን አይቼ ከሥር ስመለከተው፣ ፓራውልቱን ተሸክሞ በፓራፋንጎው (ጎማውን በሚሸፍነው የጭቃ መከላከያ ላሜራ) ቀዳዳ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው መያዣ ብረት ከቦዲው ጋር ከሚታሰርበት አጠገብ ተሰንጥቆ በስስ ብረት ብቻ ተንጠልጥሏል። መኪናው ኮረኮንች ላይ በሄደ ቁጥር መያዣው የቀዳዳውን ጠርዝ ስለሚመታው ቀለሙ ተነሥቷል፤ ላሜራውም ከቀዳዳው ወደ ላይ መሰንጠቅ ጀምሯል። በቀዳዳው ዙሪያ መኖር የነበረበት ጎማ የለም።

ያማከርኩት የሰፈር ጋራዥ ምንም ሳይፈታ፣ መኪናው ላይ እንዳለ፣ በኤሌክትሪክ ብየዳ ሊያያይዘው እንደሚችል ነግሮኛል። ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ልቤ አልተቀበለውም። ብየዳው ያዛልቃል ወይስ መያዣውን መለወጥ ይሻላል? ለመለወጥስ ፓራፋንጎው የግድ መውረድ አለበት?

ምላሽ፦ ባትላሜራ ሠራተኛ (አዲስ አበባ)

መኪናው ላይ እንዳለ በፍጹም እንዳያስበይዱት። የቮልስ ሞተር ከኋላ ስለሆነ የቤንዚን ሰልባትዮው (ማጠራቀሚያው) ያለው ከፊት፣ በኮፈኑ ሥር፣ ከተጠባባቂው ጎማ ጀርባ ነው፤ መያዣው ከታሰረበት ቦታ ያለው ርቀት ደግሞ ብየዳን የሚያስደፍር አይደለም። ያረጀ የቤንዚን ጎማ ቱቦ ከውጭ ደረቅ መስሎ ትነት ሊያወጣ ይችላል። በዚሁ ምክንያት ዛገው እምቢ ያሉ ብሎኖችን በእሳት ማጋልም ሆነ ጭንቅላታቸውን በግራይንደር መቁረጥ ከዚያ አካባቢ መራቅ አለበት።

መያዣውን ለመለወጥ ፓራፋንጎው መውረድ አያስፈልገውም። መኪናውን በክሪክ አንሥተው በአስተማማኝ ድጋፍ ላይ ካሳረፉ በኋላ የፊት ጎማዎቹን ቢያወልቁ፣ የሁለቱም መያዣዎች ብሎኖች ከፓራፋንጎዎቹ ውስጥ ይገኛሉ። ክላክሱ በግራው ፓራፋንጎ ሥር ስለሆነ አስቀድመው ባትሪውን ከኋላ መቀመጫው ሥር ያላቁ፤ የክላክሱን ሽቦም ከመንገድዎ ዞር ያድርጉት። ብሎኖቹ ሲፈቱ ፓራውልቱ ከነመያዣዎቹ ወደ ፊት ተስቦ ይወጣል፤ መያዣውን ከፓራውልቱ የሚለዩት መሬት ላይ ካስቀመጡት በኋላ ነው። ግራውን ብቻ ፈትቶ ፓራውልቱን ለማጣመም መሞከር የቀኙን ቀዳዳ ማበላሸት ነው።

ከመፍታትዎ በፊት ግን ጭቃውን ሙልጭ አድርገው ያጽዱ። በአገራችን መንገድ ላይ በረዶ ማቅለጫ ጨው ስለማይረጭ ቮልሶቻችን ከአውሮፓዎቹ በተሻለ ቆይተዋል፤ የእኛን መኪና የሚበላው በክረምት እየተረጨ ማዕዘኑ ውስጥ የሚጋገረው፣ ከላይ ደርቆ ከሥር እርጥብ ሆኖ የሚከርመው ጭቃ ነው። ጭቃው ከተነሣ በኋላ የብሎኖቹን ጥርሶች በሽቦ ብሩሽ ጠርገው ማስለቀቂያ ዘይት ያጠጡና አሳድረው ይሞክሩ። ብሎኑን መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ነቅነቅ አድርጎ ከዚያ ወደ መፍቻው መመለስ፣ በአንድ ጊዜ ጉልበት ከመጠቀም ይልቅ ብዙ ብሎን አትርፏል።

ምላሽ፦ የድሮ ቮልስ አፍቃሪ (ቨርጂኒያ)

ስለ ሰልባትዮው የተባለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ዕቃ ከማዘዝዎ በፊት መጣራት ስላለበት ጉዳይ ነው። ቮልስዋገን በኦገስት 1967፣ ማለትም የ1968 ሞዴሉን ማምረት ሲጀምር፣ ወደ ኋላ ጋደል ያሉትን የፊት መብራቶች ቀጥ ባሉ መብራቶች ተክቶ (ለአሜሪካ ገበያ መብራቱ የተለወጠው አንድ ዓመት ቀድሞ ነው)፣ ቀጭኑንና ጠርዙ የሚጠቀለለውን ፓራውልት ወፍራምና ሳጥን መሰል በሆነ ፓራውልት ለወጠው። ከዚያ ጋር ፓራፋንጎዎቹና መያዣዎቹም ተለውጠዋል፤ ስለዚህ የኋለኛው መያዣ ለእርስዎ መኪና አይሆንም።

ሊብሬው ላይ በተጻፈው ዓመት ብቻ አይተማመኑ። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫው ሥር፣ በወለሉ መካከል ከፊት ወደ ኋላ በሚሄደው ከፍ ያለ ብረት ላይ ተመትቷል። በ1965 ሞዴል ቁጥሩ 9 አኃዝ ያለው ሲሆን ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ያመለክታል፤ በ115 ከጀመረ መኪናው የ1965 ሞዴል ነው፤ ይህም ሞዴል መመረት የጀመረው በኦገስት 1964 ነው። ቁጥሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ ፓራፋንጎው በአንድ ወቅት ከሌላ ቮልስ መጥቶ ሊሆን ስለሚችል መብራቱን ይመልከቱ፤ ጋደል ብሎ ከሥሩ እንቁላል ቅርጽ ያለው የክላክስ ወንፊት ካለበት የድሮው ዓይነት ነው። ወንፊቱ በቀኝም በኩል ይኖራል፤ እዚያ ግን ለሚዛን ያህል የተቀመጠ ጌጥ እንጂ ከኋላው ክላክስ የለም።

የግራውና የቀኙ መያዣ የተለያዩ በመሆናቸው ሲያዝዙ ጎኑን በግልጽ ይጥቀሱ። በእኔ ግምት ከአዲሱ ቅጂ ይልቅ ያልተጣመመ ያገለገለ ኦርጅናል ይሻላል፤ በቅጂዎቹ ላይ ቀዳዳዎቹ ትንሽ ዝንፍ ብለው ሲመጡ ፓራውልቱ አንድ ጎኑ ከፍ ብሎ ይቀራል።

ምላሽ፦ ባትላሜራ ሠራተኛ (አዲስ አበባ)

የኦርጅናሉን ነገር አልክድም፤ ነገር ግን ለአንድ ቁራጭ ብረት ከባሕር ማዶ የሚከፈለው የማጓጓዣ ዋጋ ከዕቃው ሊበልጥ ይችላል። ሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ገበያው) ጠይቀው ካጡ፣ ጥሩ ብረት ሠሪ እዚሁ ሊሠራው ይችላል። ውፍረቱን ከተሰበረው ላይ በካሊፐር ይለኩ፤ ዝገት ያልነካው ቦታ ላይ ይሁን። ቅርጹን ደግሞ ካልተሰበረው ከቀኙ መያዣ በካርቶን ያንሡ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚከስረው፦ የቀኙን ናሙና የተቀበለ ሠራተኛ ሌላ ቀኝ ሠርቶ ያስረክባል። ካርቶኑን ገልብጠው «ግራ፣ ይህ ፊት ወደ ላይ» ብለው ይጻፉበት። የተሰበረውንም አይጣሉ፤ ሁለቱን ቁራጭ ገጣጥሞ አዲሱን በላዩ ላይ በማስተኛት ቀዳዳዎቹን ማመሳከር ይቻላል።

የተሰበረውን ራሱን ጠረጴዛ ላይ መበየድ ለጊዜው ያገለግላል። ስንጥቁ በሁለቱም ፊት ተሞርዶ፣ ብየዳው ከውስጥ እስከ ውጭ ካልሞላው ግን ከአጠገቡ እንደገና ይሰነጠቃል።

ጠያቂው፦

በጣም አመሰግናለሁ። የሻንሲ ቁጥሩ በ115 ይጀምራል፤ መብራቱም ጋደል ያለው ነው። መያዣዎቹ ወጥተዋል። የላሜራውን ስንጥቅ ለማስጠገን ፓራፋንጎውን መፍታት ስጀምር ግን ከብሎኖቹ አንዱ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ቀረ፤ ሌላው ደግሞ ዳዶው (ብሎኑ የሚታሰርበት ባለ ጥርስ ቀለበት) ከውስጥ አብሮ እየዞረ ነው። ምን ይሻላል?

ምላሽ፦ ባትላሜራ ሠራተኛ (አዲስ አበባ)

አብሮ ለሚዞረው፦ ዳዶው በቦዲው ላሜራ ውስጥ የተያዘ ስለሆነ በቁልፍ አይደረስበትም። በብሎኑ ጭንቅላትና በላሜራው መካከል ጠፍጣፋ ብረት አስገብተው ወደ ውጭ እየሳቡት ይፍቱት፤ መሳቡ ዳዶውን ስለሚያጣብቀው ብዙ ጊዜ ይለቃል። እምቢ ካለ ጭንቅላቱን በእጅ የብረት መጋዝ ይቁረጡት።

ለተቆረጠው፦ የብሎኑን መሐል በሹል ብረት ምልክት አድርገው በቀጭን መብሻ ይጀምሩ፤ ከዚያ እያሰፉ ይሂዱ። የፓራፋንጎ ብሎኖች 8 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ የጥርሱ ርቀት 1.25 ነው፤ ስለዚህ ከ6.8 ሚሊ ሜትር በላይ ሳይበሱ በማስኪዮ (በጥርስ ማውጫው መሣሪያ) ጥርሱን መመለስ ይችላሉ። መብሻው ከመሐል ከሸሸ ዳዶው ይበላሻልና አይቸኩሉ። በዚያ ዘመን መኪና ላይ የ13ም የ14ም ቁልፍ የሚቀበሉ ጭንቅላቶች ሊያጋጥሙ ስለሚችሉ ሁለቱንም ይያዙ።

የመብራቱ ሽቦ በፓራፋንጎው ቀዳዳ ስለሚያልፍ መብራቱን አውጥተው ሽቦውን ሳይነቅሉ ፓራፋንጎውን አይሳቡት። ስንጥቁን የሚበይድ ሰው መጨረሻው ላይ በ3 ሚሊ ሜትር መብሻ ትንሽ ቀዳዳ ያብጅለት፤ ከጀርባ በአጭር በአጭሩ ይበይደው፤ ከዚያ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ይቀባ። በስቱኮ (በመሙያ ልስን) ብቻ የተሸፈነ ስንጥቅ የመጀመሪያውን ኮረኮንች አያልፍም።

ሲገጥሙ በፓራፋንጎውና በቦዲው መካከል አዲስ የጎማ ጠርዝ አስገብተው ሁሉንም ብሎኖች በእጅ ብቻ ያስይዙ፤ አንዱም ቢሆን የመጨረሻው ብሎን ጥርሱን ሳይዝ አይጥበቅ። መያዣዎቹንም እንዲሁ ልል አድርገው ያስገቡና የፓራውልቱን ከፍታ ከግራና ከቀኝ ይለኩ። በቀዳዳው ዙሪያ መያዣው ላሜራውን በየትኛውም በኩል እንዳይነካ አረጋግጠው፣ ጎማውን አልብሰው፣ ያን ጊዜ ያጥብቁት። ከመጀመሪያው የኮረኮንች ጉዞ በኋላም አንድ ጊዜ ቁልፍ ያስነኩት።