ጅማ ላይ የእናቴን ቤት ጣሪያ ላስቀይር ነው፤ ሥራውን ለማን ልስጥ?

የእማዬ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጣሪያ ያስቀየራችሁ ወይም ሥራውን የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

እማዬ የምትኖረው ኮቺ ሰፈር ነው። ቤቱ የእንጨትና የጭቃ ነው፤ ውስጡም ውጪውም በሲሚንቶ ተለስኗል። ቆርቆሮው እኔ ከመወለዴ በፊት የተመታ ነው። ያለፉትን አራት ክረምቶች ቀዳዳውን በሬንጅ እየደፈንን ገፋናቸው። ዘንድሮ ግን አልሆነም። ነሐሴ ላይ በአንድ ሌሊት የእማዬን አልጋ ሦስት ጊዜ አዛወርን። የሳሎኑ ኮርኒስ ውሃ አዝሎ ሆዱ ወረደ፤ በማግስቱ ተቀደደ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ደመና ባየች ቁጥር ባልዲ መደርደር ትጀምራለች። እሱን ማየት ነው የከበደኝ።

እስካሁን ሁለት ሰዎች አይተውታል። አንዱ ኮንትራክተር ነው። "ቆርቆሮውንም፣ እንጨቱንም፣ ጉልበቱንም እኔ እችላለሁ፤ እናንተ ምንም አትነኩም" አለኝ። ግን 70 በመቶውን ቅድሚያ ይፈልጋል። "75 ቆርቆሮ ይፈጃል" ያለኝም ከግቢው በር ላይ ቆሞ ነው። መሰላል አላቆመም።

ሁለተኛው የሰፈር አናጺ ነው። የእጅ ዋጋ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ዕቃውን እናንተ ግዙ ይላል። ሲደመር ይሄኛው ይቀላል። ችግሩ ወረቀት መፈረም አይወድም። "እኔ በእምነት ነው የምሠራው" አለኝ።

ቤቱ 8 ሜትር በ6 ሜትር ነው። ጣሪያው ባለ ሁለት ክንፍ ነው፤ ሌላ ውስብስብ ነገር የለውም። ለማን ልስጥ? ስንት ልክፈል? የትኛውን ጌጅ (የቆርቆሮ ውፍረት ቁጥር) ልግዛ? 75 ቆርቆሮስ እውነት ነው? ብሩ የእቁብ ነው፤ ከባከነ ሌላ የለኝም።

አናጺው

እህቴ፣ እግዜር እናትሽን ያኑርልሽ። ጅማና አጋሮ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ጣሪያ መትቻለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ኮርኒሱ ላይ ወጥቶ እንጨቱን ያየ ሰው አለ? ካልጻፍሽው የለም ማለት ነው። ታዲያ ሁለቱም የነገሩሽ ዋጋ ግምት ነው። አራት ክረምት ያፈሰሰ ጣሪያ ሥር ያለ እንጨት ጤነኛ ነው ብዬ አልምልም። በብዛት ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ቆርቆሮው ይነሳል፣ ወራጁ (ከአናት ወደ ጠርዝ የሚወርደው እንጨት) በስብሶ ይገኛል፣ ባለሙያው "ይሄ በስምምነታችን የለም" ይላል፣ ቤቱ ደግሞ ክፍት ነው። ያን ጊዜ የተጠየቅሽውን ከመክፈል ሌላ ምርጫ የለሽም።

ስለዚህ ነገ በቀን ብርሃን አንድ ሰው ኮርኒሱ ላይ ውጡ። ካቻቢቴ ያዙ። ወራጁንና ማገሩን (ቆርቆሮው የሚመታበትን አግዳሚ እንጨት)፣ በተለይ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ጫፍ ውጉት። ጤነኛ እንጨት አያስገባም። የበሰበሰው እንደ ዳቦ ይበሳል። ከግድግዳው ወደ እንጨቱ የሚወጣ የጭቃ መስመር ካያችሁ ምስጥ ነው። ስንቱ እንደሚቀየር ቁጠሩና ጻፉ። ከዚያ ሁለቱንም ጥሩና በዚያ ቁጥር ላይ ዋጋ ይስጡሽ። መሰላል ላይ ሳይወጣ ዋጋ ለሚቆርጥ ሰው እኔ የራሴን ቤት አልሰጥም።

እንጨት ስትገዙ እርጥብ ባህር ዛፍ እንዳትወስዱ። ርካሽ ነው፤ ግን ጣሪያው ላይ ሆኖ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ምስማሩም ይላላል። በሁለተኛው ክረምት የምታዩት ማፍሰስ አብዛኛው ከዚህ ነው። ለማገር ደረቅና ቀጥ ያለ ሞራሌ (በመጋዝ የተሰነጠቀ እንጨት) ፈልጉ።

ጌጅ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይቀጥናል። 35 ከ32 ይቀጥናል፣ 32 ከ28 ይቀጥናል። 28 ጌጅ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ለጅማ ዝናብ አቅም ካለሽ 28 ውሰጂ። ካልሆነ 30። በ35 መኖሪያ ቤት አታልብሺ፤ ሠራተኛ ሲረግጠው ገና በመጀመሪያው ቀን ይጎብጣል። ግቢው ውስጥ አቮካዶ ካለ ደግሞ ፍሬው ሲወድቅበት ታዪዋለሽ። የቀጠነ ቆርቆሮ ማገሩ ካልተቀራረበለት አይችልም። ባለ 2 ሜትሩ ቢያንስ በሦስት ማገር ላይ ይረፍ፤ ሁለቱ ጫፍና ጫፍ፣ አንዱ መሃል።

ምስማር የሚመታው በጉብታው ላይ ነው። በጎድጓዳው ከተመታ ውሃ የሚሄደው በዚያው ስለሆነ ያፈሳል። ይሄንን ቆመሽ ማየት ትችያለሽ፤ ሙያ አይፈልግም።

ሐዋ ከመርካቶ

እህቴ፣ 70 በመቶ ቅድሚያ ፈጽሞ እንዳትሰጪ። በእኔ የደረሰውን ልንገርሽ።

ከሦስት ዓመት በፊት ሁሉን እችላለሁ ላለ ሰው አብዛኛውን ብር ቀድሜ ሰጠሁ። የተስማማነው 28 ነበር፤ ያመጣው 32 ነው። እኔ በዓይን አልለየሁትም፤ ጎረቤቴ ናት የለየችው። ስንከራከር አንዱን ክንፍ ገልጦ ጥሎት ሄደ። ሦስት ሳምንት በሸራ ሥር ከልጆቼ ጋር ኖርኩ።

ሁለተኛውን ሥራ ያሠራሁት በእጅ ዋጋ ነው። መርካቶ ወርጄ ራሴ ገዛሁ። ባለሙያውን ይዤው ሄድኩ፤ እሱ መረጠ፣ እኔ ለሱቁ ከፈልኩ፣ ደረሰኙም በስሜ ተቆረጠ። ጌጁ ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ አደረግሁ። ቤት ሲደርስ አንድ በአንድ ቆጥሬ ተረከብኩ። ቆርቆሮውን ጣሪያ ሥር አስገቡት፤ ተደራርቦ ውሃ ከገባበት ገና ሳይመታ ነጭ ነጭ ያወጣል።

ሌላው ነገር፣ የሠራውን ቤት ይዞሽ እንዲሄድ አድርጊ። አዲሱን አይደለም፤ ቢያንስ ሁለት ክረምት ያለፈበትን። ከእሱ ጋር ሳይሆን ሌላ ቀን ብቻሽን ተመለሺና የቤቷን እመቤት ጠይቂ። ሴቶቹ ባልዲ አውጥተው ያውቁ እንደሆን ይነግሩሻል። ኢንሻ አላህ እናትሽ ዘንድሮ በሰላም ይተኛሉ።

ውል ጸሐፊው

ስለ ወረቀቱ ልጨምር።

"በእምነት ነው የምሠራው" ያለሽ አናጺ ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ወረቀት የሚፈሩት በኋላ እንዳይከሰሱበት ነው። ውሉ እሱንም እንደሚጠብቀው አስረጂው፤ ሥራውን ጨርሶ ገንዘብ ብትከለክሉት የሚይዘው እሱን ነው። አንድ ገጽ ይበቃል። የሚሠራው ምን እንደሆነ፣ ስንት ወራጅና ማገር እንደሚቀየር፣ በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ ክፍያው መቼ መቼ እንደሆነ፣ ተጨማሪ ብልሽት ቢገኝ ዋጋው በምን እንደሚሰላ፣ ሠራተኛ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክም። ሁለታችሁ ፈርሙ፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ፣ አንድ አንድ ቅጂ ያዙ።

"ቀብድ" የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ተጠቀሙበት። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ ትንሽ ይሁን፤ ወረቀቱ ላይም ቀብድ ተብሎ ይጻፍ።

እኔ የምመክረው ክፍያ እንዲህ ነው። ለመጀመሪያ ትንሽ ቀብድ። እንጨቱ አልቆ ቆርቆሮ ሳይመታ አንድ ድርሻ። ቆርቆሮው አልቆ ሌላ ድርሻ። የቀረው ሩብ ደግሞ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ አልፎ ሲታይ።

አናጺው

ከወንድሜ ጋር በመጨረሻዋ አልስማማም። ኅዳር ላይ ለሠራ ሰው ትልቅ ዝናብ መቼ ይመጣለታል? እስከ በልግ ሩብ ደሞዙን መያዝ ግፍ ነው። ሠራተኛውም ልጆች አሉት። ከአሥር አንዱን ያዙ፤ ይበቃል። ዝናብ ከሌለ መሰላል አውጡና ከአናቱ ጀምሮ በባልዲ ውሃ አፍስሱ፤ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ ይይ። ምስማር የሳተበት ቦታ ያኔውኑ ይታወቃል።

ውል ጸሐፊው

ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። አሥር በመቶ ይሁን፤ የውሃ ሙከራውም ውሉ ላይ ይጻፍ።

ሲቪል አምስተኛ ዓመት

ስለ 75ቱ ቆርቆሮ ማንም አልመለሰልሽም። አብረን እናስላው።

ቤቱ 8 በ6 ነው። ቆርቆሮው ከግድግዳው በየጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር ይወጣል እንበል። ርዝመቱ 9.2፣ ወርዱ 7.2 ሜትር ሆነ። የወርዱ ግማሽ 3.6 ነው። አናቱ ከጣሪያው ጠርዝ 1.2 ሜትር ከፍ ካለ የአንዱ ክንፍ ተዳፋት ወደ 3.8 ሜትር ይመጣል። ሁለቱ ክንፍ ሲደመር 70 ካሬ አካባቢ ነው።

ባለ 2 ሜትሩን ሁለት ስትቀጥዪ 4 ሜትር ነው። 15 ሳንቲ ሜትር ለመደራረብ፣ 5 አሸንዳው ላይ ለመውጣት ቢሄድ 3.8 ቀረ። በትክክል ይደርሳል። በጎን በኩል ደግሞ አንዱ ከተደራረበ በኋላ 75 ሳንቲ ሜትር ከሸፈነ ለ9.2 ሜትር 13 ይገባል። 13 በ2፣ እንደገና በ2፣ 52 ቆርቆሮ ነው። ለመጠባበቂያ ሦስት ጨምሪ፤ 55። የአናቱ መሸፈኛ ለብቻው ነው።

ከፍታውን ራስሽ አስለኪ፤ ቆርቆሮው የሚሸፍነውን ስፋትም ሱቅ ውስጥ ለኪ። ቁጥሩ ትንሽ ሊቀያየር ይችላል፤ 75 ግን አይደርስም።

የእማዬ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይሄን ሁሉ ሰው ይመልስልኛል ብዬ አልጠበቅሁም።

ወንድሜ ዛሬ ኮርኒሱ ላይ ወጣ። ጋሼ እንዳሉት ሁለት ወራጆች ጫፋቸው በስብሷል። ከጓዳው በኩል አራት ማገርም ምስጥ በልቶታል። የቀረው ደህና ነው። ከፍታውንም ለካነው፤ ሲቪል እንደገመትከው ነው፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው የተለየው። ኮንትራክተሩን ደውዬ "75 እንዴት መጣ?" አልኩት። "እኔ ጋ ሒሳቡ እንደዛ ነው" ብሎ ዘጋው። ስለዚህ ወደ ሰፈሩ አናጺ ነን። ወረቀቱንም ካስረዳሁት በኋላ እፈርማለሁ ብሏል።

ሦስት ጥያቄ ቀረኝ። ኢጋ የሚባለው ቆርቆሮ ይሻላል የሚሉኝ አሉ፣ እውነት ነው? እማዬን እስከዚያ ከቤት ላውጣት? መቼስ ብንጀምር ይሻላል?

አናጺው

ኢጋ ጥሩ ነው። በልክ ስለሚቆረጥ ከአናት እስከ ጠርዝ አንድ ወጥ ይሆናል፣ መሃል ላይ መደራረብ የለም። ግን ይወደዳል፤ እንጨቱም ቀጥ ማለት አለበት፤ የጠመመ ወራጅ ላይ ያምፃል። የእናንተ አሮጌ እንጨት ስለሚቀር እኔ ብሆን በዚያ ብር 28 ጌጁን ገዝቼ የተረፈውን አሸንዳ ላይ አደርገው ነበር። የጭቃ ቤት አሸንዳ ከሌለው ዝናቡ እየተረጨ የግድግዳውን እግር ይበላዋል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ጅማ ዝናቡ ረጅም ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው ደህናው። በየካቲት መጨረሻ እንደገና ይመጣል። አሁኑኑ ጀምሩ። ቢሆንም ጅማ ናትና በደረቅም ወር ድንገት ትጥላለች። ሁለቱን ክንፍ በአንድ ቀን አትግለጡ። አንዱን ገልጣችሁ፣ እንጨቱን አስተካክላችሁ፣ አልብሳችሁ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ትልቅ ሸራ ግቢ ውስጥ ይኑር። የጭቃ ግድግዳ ከላይ ውሃ ከጠጣ ሲሚንቶው ይለቃል፤ ጉዳዩ ከጣሪያ አልፎ ይሄዳል። እናትሽ እነዚህን ቀናት ዘመድ ቤት ይሁኑ፤ አቧራውም ምስማሩም ለትልቅ ሰው አይሆንም።

አንድ ነገር አደራ። ከምሰሶው የሚመጣው የመብራት ሽቦ ጣሪያው አጠገብ ከሆነ ቀድማችሁ መብራት ኃይል አሳውቁ። ቆርቆሮ ተሸክሞ ሽቦ የነካ ሰው አይቻለሁ። አይተርፍም።

ሐዋ ከመርካቶ

ቀበሌም ብቅ በይ እህቴ። ጣሪያ ልናድስ ነው ብለሽ ጠይቂ፤ ከተገለጠ በኋላ መጥተው ቢያስቆሙሽ ይብሳል። ደግሞ አሮጌው ቆርቆሮ የማን እንደሆነ ቀድመሽ ተነጋገሪ። እኔ ሳላነሳ ቀርቼ ደህናውን ሁሉ ጭነውት ሄዱ። ቢያንስ ለማድ ቤት ይሆን ነበር።

የእማዬ ልጅ

አሮጌው የእኛ እንደሆነ ውሉ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ደህና ደህናው ለማድ ቤቱ ነው። ሽቦው ከአናቱ ይርቃል፤ ሆኖም ነገ መብራት ኃይልም ቀበሌም እሄዳለሁ። ሁለቱም ምስክሮች ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ነገ ማታ ይፈርማሉ። 55 ቆርቆሮ፣ ባለ 28፣ ቅዳሜ ከሰፈሩ አናጺ ጋር ወርደን እንገዛለን። ሰኞ ጠዋት የጓዳው ክንፍ ይገለጣል። እማዬ እህቴ ቤት አጂፕ ሰፈር ትሆናለች፤ ባልዲዎቹን ግን አልሰጥም ብላ ይዛቸው ሄዳለች። የውሃ ሙከራው ቀን እሷ ውስጥ ሆና እንድታይ ነግሬያታለሁ። ውጤቱን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።