ታኮማ ፓርክ፦ የከተማውን ምርጫ ማነው የሚያዘጋጀው? ግሪን ካርድ ያለው ሰውስ መምረጥ ይችላል?

የሜፕል ጎረቤት
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ታኮማ ፓርክ፣ ሜፕል አቬኑ ካሉት ፎቆች አንዱ ላይ ነው። ግሪን ካርድ አለኝ፣ ለዜግነት ገና አላመለከትኩም። ልጄ እዚሁ ነው የተወለደው፣ 16 ሞልቶታል። ሰሞኑን ከትምህርት ቤት መጣና "እማዬ፣ ለከንቲባ እኔም አንቺም መምረጥ እንችላለን" አለኝ። እኔ የማውቀው ዜጋ ያልሆነ ሰው ከምርጫ ጋር ከተነካካ ጣጣ እንዳለው ነው። እውነት ይቻላል? ደግሞስ ይሄን የሚፈቅደው ማነው፣ ካውንቲው ነው ወይስ ስቴቱ? ወረቀቴን እንዳያበላሽብኝ ስለፈራሁ ነው፣ የምታውቁ በደንብ አስረዱኝ።

ካሮል አቬኑ
ልጅሽ ልክ ነው እህቴ፣ ሁለታችሁም ትችላላችሁ።

አገር ቤት የአዲስ አበባን ምክር ቤት ምርጫ ሳይቀር የሚያካሂደው ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ስለሆነ፣ እዚህም ሁሉ ነገር ከላይ የሚመጣ ይመስለናል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ከባልቲሞር በስተቀር ከተሞች የራሳቸውን ምርጫ የሚያዘጋጁት ራሳቸው ናቸው። ታኮማ ፓርክ አንድ ከንቲባና ስድስት የምክር ቤት አባላት አሏት። ከንቲባውን ከተማው በሙሉ ይመርጣል፣ አባላቱን ግን ስድስቱ ወርዶች (የከተማው የምርጫ ክልሎች) የየራሳቸውን። ማን ይምረጥ፣ መቼ ይሁን፣ ቆጠራው እንዴት ይሁን የሚለውን በቻርተሩ (በከተማው መተዳደሪያ ሕግ) እና በሌሎች የከተማው ሕጎች የሚወስነው ይሄው ምክር ቤት ነው። ሥራውን ግን ራሱ አይሠራውም፤ ከነዋሪው መሀል የምርጫ ቦርድ ይሾማል፣ ቦርዱ ከሲቲ ክለርክ (የከተማው ጸሐፊ) ቢሮ ጋር ሆኖ ምርጫውን ያካሂዳል።

ዜጋ ያልሆኑት ጉዳይ አዲስ ነገር አይደለም። በ1991 ነዋሪው ተጠየቀ፣ በጣም በጠባብ ልዩነት "ይምረጡ" የሚለው አሸነፈ፣ በ1992 ምክር ቤቱ ቻርተሩን አሻሻለ፣ ከ1993 ጀምሮ ይመርጣሉ። ለ16 ዓመት ልጆች የፈቀዱት ደግሞ በ2013 ነው፣ ከአሜሪካ ከተሞች የመጀመሪያው ታኮማ ፓርክ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሜፕል ላይ ከሆንሽ ተከራይ ነሽ ብዬ ልገምት። የቤት ኪራይሽ በዓመት ስንት በመቶ ሊጨመር እንደሚችል የሚገድበው ሕግ የከተማው ሕግ ነው፣ ከ1981 ጀምሮ ያለ። ያንን ሕግ ማጥበቅም ማላላትም የሚችሉት እነዚህ ሰባት ሰዎች ናቸው። ፖሊሱም ላይብረሪውም የከተማው ነው። ስለዚህ "ምን አገባኝ" የሚባል ምርጫ አይደለም፣ ከፕሬዚዳንቱ ይልቅ ኪስሽ ውስጥ የሚገባው ይሄኛው ነው።

ወረቀት በእጄ
ካሮል ያለው ሁሉ ትክክል ነው፣ ግን የጠየቀችው ዋናው ነገር ወረቀቷን እንዳይነካባት ነውና እሱ ላይ ረጋ ብለን እናውራ።

መዝገቡ ሁለት ነው። አንደኛው የስቴቱ መዝገብ ነው፣ ለፕሬዚዳንት፣ ለኮንግረስ፣ ለገዥ፣ ለካውንቲ የሚያስመርጠው። እዚያ ላይ መመዝገብ የሚችለው ዜጋ ብቻ ነው። ሁለተኛው የከተማው መዝገብ ነው፣ ለከንቲባና ለምክር ቤት ብቻ የሚያገለግል፣ ፎርሙም ለብቻው ከሲቲ ክለርክ ቢሮ የሚገኝ። አንቺ የምትሞይው ይሄን ሁለተኛውን ብቻ ነው። ልጅሽ ግን ዜጋ ስለሆነ በስቴቱ በኩል ይመዘገባል፣ ሜሪላንድ ከ16 ዓመት ጀምሮ ትመዘግባለች፤ 18 እስኪሞላው በዚያ ምዝገባ የከተማውን ይመርጣል። አንድ ቤት ውስጥ ሆናችሁ በሁለት የተለያየ በር ነው የምትገቡት፣ ስለዚህ እሱ የሞላውን ፎርም አይተሽ አንቺም እንዳትሞይ።

ብዙ ሰው ችግር ውስጥ የሚገባው መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ወይም ሲያሳድስ ነው። ኤምቪኤ ሄደሽ ስክሪኑ ላይ "መራጭ ሆነው መመዝገብ ይፈልጋሉ?" ቢልሽ መልሱ "አልፈልግም" ነው። በቃ። ሱፐርማርኬት በር ላይ ክሊፕቦርድ ይዞ የሚመዘግብ ልጅ ቢያገኝሽም እንደዚያው። በጎ ፈቃደኛ ነው፣ ክፋት የለውም፣ ግን የያዘው ወረቀት ያንቺ አይደለም። ዜጋ ሳይሆኑ በፌዴራል ምርጫ መምረጥ ወንጀል ነው፣ "አላወቅኩም ነበር" የሚል መልስ ብዙ አያድንም።

የዜግነት ማመልከቻው ላይም በማንኛውም ምርጫ ተመዝግበሽ ወይም መርጠሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። ሕግ በፈቀደበት የከተማ ምርጫ ብቻ የመረጠ ሰው ሁኔታ ከሌላው ይለያል፣ ቢሆንም አመላለሱን በራስሽ አትወስኚ። በዚህ ዓመት የማመልከት ሐሳብ ካለሽ ከመመዝገብሽ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግሪ። የከተማውን ፎርም ኮፒ አድርገሽ አስቀምጪ፣ የት እንደተመዘገብሽ የሚያሳይ ወረቀት እጅሽ ላይ ይኑር።

ጆርጂያ ላይ ያለሁ
ይቅርታ በመሀል ልግባ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ እኛስ?

ካሮል አቬኑ
ሲልቨር ስፕሪንግ በሕግ ከተማ አይደለም ወንድሜ፣ ከንቲባም ምክር ቤትም የለውም። በቀጥታ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው የሚተዳደረው፣ ለካውንቲ ደግሞ ዜጋ ብቻ ነው የሚመርጠው። በፖስታ አድራሻም አትመኑ። 20912 የሚለው ዚፕ ኮድ ከከተማው ወሰን ውጪ ያሉ ቤቶችንም ይይዛል። "ታኮማ ፓርክ" የሚል ደብዳቤ እየመጣላችሁ ከተማው ውስጥ ላትሆኑ ትችላላችሁ። ለክለርኩ ቢሮ አድራሻችሁን ነግራችሁ መጠየቅ ነው።

መንገዱን ተሻግራችሁ ያለው ታኮማ ደግሞ ዲሲ ነው፣ ሌላ ሕግ። የዲሲ ምክር ቤት በ2022 ባወጣው ሕግ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች ከ2024 ጀምሮ ለከንቲባ፣ ለምክር ቤትና ለሰፈር ኮሚሽነር መምረጥ ይችላሉ። እዚያ አማርኛ በሕግ ከታወቁት ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ መረጃውን በአማርኛ ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ መብታችሁ ነው።

የሜፕል ጎረቤት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ገባኝ። ጠበቃ አናግራለሁ። ሌላው ልጄ የነገረኝ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ መምረጥ ሳይሆን 1፣ 2፣ 3 ብሎ ደረጃ መስጠት ነው አለ። ይሄ እንዴት ነው?

ካሮል አቬኑ
አዎ፣ ከ2007 ጀምሮ እንደዚያ ነው። ነዋሪው በ2005 ተጠይቆ በከፍተኛ ድምፅ ደግፎታል።

የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ከእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ስም ጎን ለአንደኛ ምርጫ፣ ለሁለተኛ፣ ለሦስተኛ እያለ የሚቀባ ክብ አለ። መጀመሪያ አንደኛ ምርጫ ብቻ ይቆጠራል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ካለ አለቀ። ከሌለ መጨረሻ የወጣው ይሰረዛል፣ እሱን አንደኛ ያሉ ሰዎች ድምፅ ሁለተኛ ወዳሉት ሰው ይሄዳል። አንዱ ከግማሽ በላይ እስኪያገኝ እንዲህ ይቀጥላል። ስለዚህ ልብሽ የወደደውን፣ ያሸንፋል ተብሎ የማይጠበቅ ቢሆንም፣ ያለ ፍርሃት አንደኛ ብለሽ መስጠት ትችያለሽ። ሁለተኛ ማድረግሽም አንደኛሽን አይጎዳውም። አንድ ሰው ብቻ መርጠሽ ሌላውን ባዶ መተውም ይቻላል፣ ግን እሱ ከተሰረዘ ድምፅሽ እዚያው ይቆማል። አንድን ሰው በሁሉም ቦታ መቀባት ደግሞ ምንም አይጨምርም፣ የሚቆጠረው አንዴ ነው።

ወረቀት በእጄ
ከ2020 ወዲህ የከተማው ምርጫ ከስቴቱ ጋር በአንድ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ ኖቬምበር ላይ። ወረቀቱ ግን ለየብቻ ነው። ልጅሽ ገና 16 ስለሆነ ለሁለታችሁም የሚገባው የከተማው ወረቀት ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ዜጋ የሆነ ትልቅ ሰው ካለ ግን የድምፅ መስጫ ወረቀት የያዘ ሁለት ፖስታ ሊመጣለት ይችላል፣ የከተማውን ወረቀት በካውንቲው ፖስታ አትጨምሩ። የከተማው የሚገባው በከተማው ሳጥን ነው። ከማሸግሽ በፊት የመመለሻው ፖስታ ላይ መፈረምሽን እዪ። ስምሽ ያልተጻፈበት ፖስታ ወይም የካውንቲና የስቴት ምርጫ ያለበት ወረቀት ከመጣልሽ ደግሞ ሳትሞይው ለክለርኩ ቢሮ ደውይ።