ፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ፤ እዚህ ማስተርስ ልማር ወይስ ልተወው?

ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በዲቪ ከመጣን ስምንት ወር ሆነን፤ ያለነው ሜሪላንድ ነው። ደሴ ሁለተኛ ደረጃ 9 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። አሁን ማታ ማታ መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ልቤ ግን ክፍል ውስጥ ነው። በሳይንስ ትምህርት ማስተርስ ብማር ያዋጣኛል? መንገዱን የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። እኔ አገር ቤት ኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርኩ፤ አሁን እዚሁ ሜሪላንድ 9ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ያዋጣል። ግን መጀመሪያ እኔ የተሳሳትኩትን ልንገርህ፤ አንድ ዓመትና ብዙ ገንዘብ የበላብኝ ነገር ነው።

"ኤም ኤድ በሳይንስ ትምህርት" (በትምህርት ዘርፍ የሚሰጥ ማስተርስ) የሚል ፕሮግራም አየሁና ስሙ ደስ ብሎኝ ተመዘገብኩ። ሁለት ሴሚስተር ጨርሼ ስለ መምህርነት ፈቃድ ስጠይቅ "ይሄ እኮ ፈቃድ ላላቸው መምህራን ነው" አሉኝ። ስመዘገብ ማንም ትንፍሽ አላለም። አገር ቤት ማስተማሬን ሲያዩ እዚህም ፈቃድ ያለኝ መስሏቸው ነበር። የዚያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ለኛ ዓይነቱ ሰው የሚሆነው ብዙ ጊዜ "ኤም ኤ ቲ" የሚባለው፣ የማስተማር ማስተርስ ነው። ማስተርሱንም፣ የክፍል ልምምዱንም፣ የፈቃዱን መስፈርትም አንድ ላይ ይዟል። አንድ ብር ከመክፈልህ በፊት "ይህን ስጨርስ ለሜሪላንድ ፈቃድ ብቁ እሆናለሁ ወይ?" ብለህ በኢሜይል ጠይቃቸው። መልሱንም በጽሑፍ ያዝ። ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ስቴት ነው፤ ቨርጂኒያ የሚሠራው እዚህ እንዳለ ላይሠራ ይችላል።

ወረቀትህን ዛሬውኑ ጀምር። ኮስት ሼሪንግህ ካላለቀ በእጅህ ያለው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ ማስረጃ ነው፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እንዲላክልህ መጀመሪያ እሱን መጨረስ አለብህ። በአገልግሎት የከፈልክ ከሆነ ማስረጃውን ከትምህርት ቢሮው የሚያወጣልህ ሰው ፈልግ። የአገር ቤት ዲግሪህ እዚህ ምን ያህል እንደሚመዘን የሚያሳየውን ግምገማ ስታስደርግ "ኮርስ በኮርስ" የሚባለውን ምረጥ። ዲግሪህን ብቻ የሚገልጸው ረከስ ይላል፤ ግን ስንት ክሬዲት ፊዚክስ እንደወሰድክ አያሳይም። ፈቃድ ሰጪዎቹ የሚፈልጉት ደግሞ እሱን ነው።

ስለ ገንዘብ። ግሪን ካርድ ስላለህ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል መንግሥት የትምህርት ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ መሙላት ትችላለህ። ሜሪላንድ ዓመት ስትሞላ ደግሞ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የነዋሪ ክፍያ መጠየቅ ትችላለህ፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቲች ግራንት የሚባል አለ፤ በዓመት እስከ 4,000 ዶላር፣ ለማስተርስ በድምሩ እስከ 8,000። ግን ግዴታ አለው። ስትጨርስ በ8 ዓመት ውስጥ 4 ዓመት ዝቅተኛ ገቢ ባለበት ትምህርት ቤት ማስተማር አለብህ። ካላስተማርክ ወለዱ ታስቦ ብድር ይሆንብሃል። በሳይንስና በሒሳብ ለሚያስተምሩ ኖይስ የሚባል ስኮላርሺፕም አለ። ቋሚ ነዋሪ መሆን ይበቃል፤ ዜግነት አይጠይቅም። ለተከፈለልህ እያንዳንዱ ዓመት ሁለት ዓመት መምህር በሚቸገር ወረዳ ታስተምራለህ። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ጋር ስለሌለ ጠይቅ።

ለመምህርነት ፈቃድ የሚወሰደውን ፕራክሲስ ፈተና አትፍራው፤ ፊዚክሱን ታውቀዋለህ። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። እንግሊዝኛ የመጀመሪያ ቋንቋው ላልሆነ ሰው 50 በመቶ ተጨማሪ ሰዓት እንደሚሰጥ ብዙ ሀበሻ አያውቅም። ቀድመህ ማመልከት አለብህ፤ ከተመዘገብክ በኋላ አይሆንም።

አሁን ስለ ትምህርቱ ላውራህ፤ በዚህ እኔ ዝም ማለት አልችልም። ማስተርሱ ኬሚስትሪ የሚያስተምረኝ መስሎኝ ነበር። ያስተማረኝ ልጆች እንዴት እንደሚያስቡ ነው።

ልምምድ ላይ ሳለሁ አማካሪ መምህሬ ከኋላ ተቀምጣ በስልኳ ሰዓት ትይዝ ነበር። ጥያቄ በጠየቅኩ ቁጥር መልስ ምን ያህል እንደጠበቅኩ ትጽፋለች። ከክፍል በኋላ ወረቀቱን ሰጠችኝ። አንድ ሴኮንድ። አንድ። ከአንድ በታች። አንድ። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል ተመራማሪ በ1970ዎቹ ይህንኑ ለክታለች። መምህራን ጠይቀው አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ ይጠብቃሉ። ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ ግን የልጆቹ መልስ ይረዝማል፤ ዝምተኞቹም መናገር ይጀምራሉ።

አንተም ታውቀዋለህ፤ አገር ቤት 70 ልጅ ፊት ቆሞ ዝም ማለት ክፍሉን ማጣት ነው። እኔ ያስተማርኩት ደግሞ በፕላዝማ ዘመን ነው። ፕላዝማው ጠይቆ፣ ራሱ መልሶ፣ ጥሎን ይሄዳል። የሱን ፍጥነት ይዤ ነው ውቅያኖስ የተሻገርኩት።

በማግስቱ ለልጆቹ አንድ ባትሪ፣ አንድ አምፖልና አንድ ሽቦ ሰጠኋቸው፤ "አብሩት" አልኳቸው። አንዲት ልጅ ከባትሪው አንድ ጫፍ ወደ አምፖሉ ግርጌ ሽቦ አገናኝታ "ለምን አይበራም?" በሚል ዓይን ታየኛለች። ልነግራት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በሆዴ መቁጠር ጀመርኩ። ሰባት ላይ ስደርስ አምፖሉን አንስታ ጎኑን በጣቷ ዳሰሰችው። "ይሄም ብረት ነው" አለች። አምፖሉን በባትሪው ላይ አቆመች፣ ሽቦውን ከሌላኛው ጫፍ አምጥታ ጎኑን አስነካችው። በራ። በ11 ዓመት ማስተማር እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም።

አንድ ነገር አስቀድመህ ተዘጋጅበት። የመጨረሻው የክፍል ልምምድ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የለውም፤ ለወራት ቀን ቀን ነው። እኛ ባለቤቴ ተጨማሪ ሺፍት ይዞ ነው ያለፍነው። ካውንቲው በጊዜያዊ ፈቃድ ቀጥሮ እያስተማርክ የምትማርበት መንገድም አለ። ፊዚክስ አስተማሪ ስለማይገኝ አንተ ዕድል አለህ።

መልስ፣ ከፍራንክፈርት

እህቴ፣ እናመሰግናለን። ጀርመን ላላችሁ ልጨምር። እዚህ መምህር አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የትምህርት ዓይነት ይጠየቃል። ፊዚክስ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ሒሳብ ወይም ሌላ ማሟላት ይኖርበታል። ከዚያ ሬፈረንዳሪያት የሚባል የተግባር ሥልጠና አለ፤ ርዝመቱ እንደ ክፍለ ግዛቱ ነው፤ ደመወዝ ግን ይከፈልበታል። ከሁሉ በፊት ጀርመንኛው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሲ 1 ከሚባለው ከፍተኛ የቋንቋ ደረጃ በታች አይሞከርም።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለቴ አነበብኩት። አንድ ነገር ግን ሌሊት ሌሊት ያሳስበኛል፤ አነጋገሬስ? ልጆቹ ባይሰሙኝስ?

መልስ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር፤ አልዋሽህም። አንድ ልጅ ስሙን ስጠራ እየሳቀ ደገመልኝ። እኔም እሱ እንዳለው እስክል ድረስ እንዲያስተምረኝ ጠየቅኩት፤ ቆሞ አስተማረኝ። አሁን አዲስ ቃል ሁሉ ከመናገሬ በፊት ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ከሌላ አገር የመጡ ልጆች ስላሉኝ እነሱም ይጠቀሙበታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝና ባለቤትህን ይዘህ ና፤ ትራንስክሪፕትህንም አትርሳ። ቡና ጠጥተን ኮርስ በኮርስ አብረን እናየዋለን።