ፕሌይራይት ቴስት ስቴጂንግ ላይ ብቻ ወደ መግቢያ ገጽ እየመለሰ ይወድቃል
ሰላም፣ እርዳታ ፈልጌ ነው። አንድ ዓይነት የፕሌይራይት (ብራውዘርን በራሱ እየነዳ ዌብሳይት የሚፈትሽ መሣሪያ) ቴስት ዴቭ (ሥራ ላይ ያለ ኮድ የሚሞከርበት) እና ስቴጂንግ (ከመልቀቅ በፊት የመጨረሻ መሞከሪያ) ላይ አስኬዳለሁ። ዴቭ ላይ ሁሉም ያልፋል። ስቴጂንግ ላይ ግን የሎጊን ስቴት ፋይሉ (ቴስቱ እንደገና ሎጊን እንዳያደርግ ኩኪዎቹን የሚይዘው) ተጭኖም አንዳንዱ ቴስት ወደ መግቢያ ገጹ ይመለስና 30 ሰከንዱ ሲሞላ ይወድቃል።

ኩኪ ከዶሜይን ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ዴቭም ስቴጂንግም የየራሳቸው ስቴት ፋይል አላቸው። ኩኪው መላኩም ትሬሱ (ፕሌይራይት የሚቀዳው የቴስቱ ሂደት) ላይ ይታያል። ቶክኑ (የመግቢያ ማረጋገጫው) ብራውዘሩ ሴሽን ስቶሬጅ ውስጥ ቢሆን ኖሮ፣ ስቴት ፋይሉ እሱን ስለማይዝ ሁሉም በወደቁ ነበር። የሚወድቀው ግን አልፎ አልፎ ነው፤ ዎርከሩን (ጎን ለጎን ቴስት የሚያስኬደውን) 1 ማድረግም አልለወጠውም።

ስቴጂንግ ከሎድ ባላንሰር (ጥያቄዎችን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍል) ጀርባ ሁለት ሰርቨር አለው። ሴሽኑ (መግባቴን የሚያስታውሰው መረጃ) የተያዘው በአንደኛው ሰርቨር ሜሞሪ ብቻ ይመስለኛል። ሰርቨሩን የመንካት ፈቃድ የለኝም፤ የትኛው እንደመለሰልኝ ከቴስቱ በኩል እንዴት ልለይ? ሪትራይ (የወደቀውን ቴስት ደግሞ ማስኬድ) መጨመር አልፈልግም፣ ችግሩን ይሸፍነዋል።