እጅ በሥራ ላይ ሳለ የሚታዘዝ የድምፅ ማጫወቻ መተግበሪያ የትኛው ነው?

ሰፊው (ሐረር)

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ እጆቼ ጨርቅ ላይ፣ እግሬም የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ስለሆነ ስልኬን አንሥቼ የምነካካበት ፋታ የለኝም ማለት ይቻላል። በሥራ ሰዓት የማዳምጠው በአብዛኛው ረጅም ነገር ነው፦ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሄዱ ደርሶች (የሃይማኖት ትምህርቶች)፣ በክፍል በክፍል የተቀረጹ የልብ ወለድ ትረካዎች፣ እንዲሁም ከአባቴ ካሴቶች ወደ ፋይል ያስገለበጥኳቸው መንዙማዎች። ሁሉም ሚሞሪ ካርድ ላይ ስላሉ ኢንተርኔት የሚጠይቅ መተግበሪያ አልፈልግም።

ከስልኩ ጋር የመጣው ማጫወቻ አልተስማማኝም። ደርሱን አቋርጬ መንዙማ ከፍቼ ስመለስ ደርሱ ከመጀመሪያው ይነሣል፤ በሁለት ሰዓት ቅጂ ውስጥ የቆምኩበትን ቦታ በጣት እየጎተቱ መፈለግ ደግሞ ሥራ ያስፈታል። ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ድምፁ በራሱ ይቋረጣል። ከካሴት የተገለበጡት ፋይሎችም የዘማሪው ስም ስላልተጻፈባቸው «አንኖውን አርቲስት» በሚል አንድ ክምር ውስጥ ከቴሌግራም የድምፅ መልእክቶች ጋር ተደባልቀዋል።

የምፈልገው በጆሮ ማዳመጫው ገመድ ላይ ባለችው አንዲት ቁልፍ ብቻ ማስቆም፣ ማስቀጠልና ሲያመልጠኝ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ስልኬ አንድሮይድ ነው። ስለ ድምፅ ጥራት የሚነግረኝ ሰው ሞልቷል፤ ስለ መቆጣጠሪያው የሚያውቅ ሰው ቢመክረኝ ግን ደስ ይለኛል።

የከዚራ ጥላ (ድሬዳዋ)

የሚያዳምጡት ነገር ሁለት ዓይነት ስለሆነ ለሁለቱ ሁለት መተግበሪያ ቢይዙ ይሻላል ባይ ነኝ። የሙዚቃ ማጫወቻ የሚሠራው አንድ ዜማ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል በሚል ግምት ነው፤ ስለዚህ ብዙዎቹ የሚያስታውሱት መጨረሻ ላይ ይጫወት የነበረውን ፋይል ቦታ ብቻ ነው፣ ወደ ሌላ ሲሻገሩም የቀድሞው ይጠፋል። የትረካ ማጫወቻዎች ግን ለእያንዳንዱ መጽሐፍ፣ በእርስዎ ሁኔታ ለእያንዳንዱ የደርስ ፎልደር፣ የቆመበትን ሰከንድ ለብቻው መዝግበው ያቆያሉ።

ለደርሱና ለትረካው «ቮይስ» የተባለውን ይሞክሩ። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ የተጻፈበት ኮድም ለማንም ክፍት ነው። ፋይሎቹ ያሉበትን ፎልደር አንድ ጊዜ ካሳዩት ሌላውን ፋይል ሁሉ ትቶ ያንን ብቻ ያቀርብልዎታል። አቁመው ሲቀጥሉ ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ መለስ ብሎ ስለሚጀምር፣ ደንበኛ ሊያናግርዎ ገብቶ ያቋረጡት ዓረፍተ ነገር ከመሐሉ አይጀምርም። ፍጥነቱንም ማብዛትና መቀነስ ይቻላል፤ ተናጋሪው ዘገምተኛ ሲሆን በጥቂቱ ማፍጠን ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

ለመንዙማው «ሚዩዚኮሌት»ን እመርጣለሁ። ይህ መተግበሪያ የኢንተርኔት ፈቃድ ጭራሹን አይጠይቅም፤ ማስታወቂያም የለውም። ፋይሎችን በዘማሪና በአልበም ብቻ ሳይሆን በፎልደርም ስለሚያሳይ፣ ስም ያልተጻፈባቸው የካሴት ቅጂዎች እርስዎ ባስቀመጧቸው ቅደም ተከተል ይታያሉ። ስማቸውን 01፣ 02 እያሉ በሁለት አኃዝ ይጀምሩት፤ አለዚያ አንዳንድ ማጫወቻ 10ኛውን ከ2ኛው አስቀድሞ ይደረድራል። የድምፅ መልእክቶች ያሉበትንም ፎልደር ከዝርዝሩ ማስወጣት ይቻላል።

ቁልፏን በሚመለከት፣ በሚዩዚኮሌት አንድ ጊዜ ሲጫኗት ይቆማል ወይም ይቀጥላል፣ ሁለት ጊዜ ሲጫኑ ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ ሦስት ጊዜ ወደ ቀደመው ይመለሳል፣ አራትና ከዚያ በላይ ደግሞ በዚያው ፋይል ውስጥ ወደ ፊት ያስኬዳል። በብዙ የትረካ ማጫወቻዎች «ወደ ቀደመው» የሚለው ትእዛዝ ፋይል ከመቀየር ይልቅ ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ እርስዎ የጠየቁትም ይህንኑ ነው።

ታይዋን ጥገና (ድሬዳዋ)

መተግበሪያ ከመቀየርዎ በፊት ድምፁ በራሱ የሚቋረጥበትን ምክንያት ይለዩ፤ ሁለት የማይገናኙ ምክንያቶች ሊኖሩት ይችላልና። የጆሮ ማዳመጫውን ነቅለው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያኑሩ፣ ስክሪኑን ያጥፉትና በራሱ ስፒከር ደርሱን ያጫውቱ። እንዲህም ሆኖ ከተቋረጠ ጥፋቱ የባትሪ ቁጠባው ነው። በስፒከር ሲሆን ሳይቋረጥ ቆይቶ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የሚቋረጥ ከሆነ ግን ጥፋቱ መሰኪያው ላይ ነው።

በልብስ ሰፊዎች ስልክ ላይ ይህን ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ። የጨርቅ ብናኝ ክብ በሆነው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ውስጥ እየገባ መሰኪያው በተገፋ ቁጥር ከታች ይጠቀጠቃል፤ ጊዜ ሲያልፍ መሰኪያው እስከ መጨረሻው አይገባም፣ ገመዱ በተነቃነቀ ቁጥርም ግንኙነቱ ይላቀቃል። አንድሮይድ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ ሲነቀል ለማጫወቻው ምልክት ይልካል፤ ድምፁ በድንገት በሰው ፊት በስፒከር እንዳይለቀቅ፣ በአግባቡ የተሠራ ማጫወቻ ሁሉ ያን ጊዜ ይቆማል። ስለዚህ እርስዎ ሳይነኩት የሚቆመው መተግበሪያው ታዛዥ ስለሆነ ነው። ሌላም አለ፦ በገመዱ ላይ ያለችው ቁልፍ ስትጫን የማይክሮፎኑን መስመር ከጋራው መስመር ጋር በቀጥታ ታገናኛለች፤ የተበላሸ ግንኙነትም ይህንኑ ሊያደርግ ስለሚችል ስልኩ ቁልፍ የተጫነ ይመስለዋል። ሳይጠሩት ጉግል አሲስታንት ብቅ የሚልበት ጊዜ ካለ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፣ ቁልፏ ተጭና እንደቆየች ይቆጥረዋልና።

ስልኩን አጥፍተው በደረቅ የእንጨት ስንጥር ቀስ አድርገው ብናኙን ያውጡ። መርፌ እጅዎ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ በመርፌ ግን አይንኩት፣ ውስጡ ያሉትን የብረት ምላሶች ያጣምማል።

ጥፋቱ የባትሪው ከሆነ፣ በአንድሮይድ ደንብ ድምፅ እያጫወተ ያለና ኖቲፊኬሽን ላይ የሚታይ መተግበሪያ ሊዘጋ አይገባውም፤ ይሁን እንጂ አንዳንድ አምራቾች በላዩ ላይ የራሳቸውን ጥብቅ ቁጠባ ጨምረውበታል። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ባሉት ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ ገብተው አፕስ፣ ከዚያ የማጫወቻውን ስም፣ ከዚያ ባትሪ የሚለውን ከፍተው «አንሪስትሪክትድ» የሚለውን ይምረጡ። «ክሊነር» የሚባሉ ስልክ እናጸዳለን ባይ መተግበሪያዎችም ካሉ ያጥፏቸው። የሚያጸዱት ነገር ቢኖር እርስዎ የሚያዳምጡትን ማጫወቻ ነው።

ሦስት እግር (ድሬዳዋ)

የከዚራውን ወንድማችንን አስተያየት አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሁለት ማጫወቻ መያዝ እጁ በሥራ ለተያዘ ሰው የራሱ ጣጣ አለው። እኔ ባጃጅ ነጂ ስለሆንኩ እጄም ዓይኔም ነፃ አይደሉም። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ፣ ማለትም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከጆሮ ማዳመጫው የሚመጣው የቁልፍ ትእዛዝ የሚሄደው መጨረሻ ላይ ድምፅ ላሰማው መተግበሪያ ነው። ደርሱን በአንዱ አቁመው በመሐል የቴሌግራም ድምፅ ወይም ዩቲዩብ ቢከፍቱ፣ ቀጥሎ ቁልፏን ሲጫኑ የሚታዘዘው ደርሱ አይደለም። መተግበሪያው በበዛ ቁጥር ትእዛዙ ማን ዘንድ እንደሚደርስ እርግጠኛ መሆን ይከብዳል።

እኔ ሁሉንም በቪኤልሲ እጠቀማለሁ። የሚሠራው ቪዲዮላን በተባለ መቀመጫው ፈረንሳይ በሆነ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው፣ ክፍያም ማስታወቂያም የለውም፣ ያልከፈተልኝ የፋይል ዓይነት የለም። የጉግል ፕሌይ ሙዚቃ አገልግሎት በ2020 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ብዙ ሰው ዝርዝሩን ወደ ሌላ ሲያሸጋግር ከርሟል፤ ፋይሉ በእጅ፣ ማጫወቻውም የማንም ንግድ ያልሆነ ሲሆን ይህ አያሳስብም።

አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ብሉቱዝ ማዳመጫ ለመሸጋገር ካሰቡ፣ ከላይ የተነገረው የአራት ጊዜ ጭነት ላይሠራ ይችላል። በገመድ ሲሆን ስልኩ የሚያውቀው «ቁልፍ ተጫነ» የሚለውን ብቻ ስለሆነ ስንት ጊዜ እንደተጫነ ቆጥሮ የሚተረጉመው ማጫወቻው ነው። በብሉቱዝ ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ቆጠራው ማዳመጫው ውስጥ ያልቅና ወደ ስልኩ የሚደርሰው «ቁም» ወይም «እለፍ» የሚል ያለቀለት ትእዛዝ ነው።

አድማጭ (ሐረር)

ዓይነ ስውር ስለሆንኩ ማጫወቻ የምመርጠው በመቆጣጠሪያው ብቻ ነው፤ የስክሪኑ ውበት ለእኔ ትርጉም የለውም። አዲስ መተግበሪያ ስጭን መጀመሪያ የማደርገው ቶክባክ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነበው የአንድሮይድ አንባቢ፣ በርቶ ሳለ ቁልፎቹን አንድ በአንድ መዳሰስ ነው፤ «ስም የሌለው ቁልፍ» እያለ የሚያነብልኝ ከሆነ ወዲያው አጠፋዋለሁ። በአዲሶቹ የቶክባክ ዝርያዎች ስክሪኑን የትም ቦታ በሁለት ጣት ሁለት ጊዜ መታ መታ ማድረግ ድምፁን ያቆማል፣ ያስቀጥላል። በአይፎንም በቮይስኦቨር እንዲሁ ነው።

ለጠያቂው ወንድሜ ግን ማሳሰብ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ቪኤልሲ ድምፁን ከስልኩ ልክ በላይ እስከ 200 በመቶ የሚያሳድግ መቆጣጠሪያ አለው፤ የደበዘዘ የካሴት ቅጂ ለመስማት ይጠቅማል፣ በስፌት መኪና ጫጫታ መሐል ግን መዘዝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ እርስዎ ቀኑን ሙሉ የሚያዳምጡ ከሆነ ሰዓቱን ብቻውን ሳያስቡት ያልፉታል። ድምፁን ከመጨመር ይልቅ ጆሮን በደንብ የሚደፍን፣ ጎማ ያለው ማዳመጫ መግዛት ይሻላል፤ የውጭው ጫጫታ ሲቀንስ ዝግ ባለ ድምፅም ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። እኔ ጆሮዬን ከምንም በላይ የምሳሳለት ሰው ስለሆንኩ ነው ይህን አጥብቄ የምናገረው።

የከዚራ ጥላ (ድሬዳዋ)

የባጃጁ ወንድማችን ስለ ቁልፏ የተናገረው ትክክል ነው። ነገር ግን ጠያቂው ደርስና መንዙማን በየደቂቃው የሚያቀያይር አይመስለኝም፤ ወደ አንዱ ሲሻገር አንድ ጊዜ ስልኩን ነክቶ ካስጀመረ ከዚያ በኋላ ቁልፏ የዚያው ታዛዥ ሆና ትቆያለች። ቦታውን የሚረሳ አንድ ማጫወቻ ከመያዝ ቦታቸውን የማይረሱ ሁለት መያዝ ይቀላል።

ሰፊው (ሐረር)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በስፒከር የተባለውን ሙከራ አደረግሁ፤ ድምፁ አልተቋረጠም። ከቀዳዳው የወጣው ብናኝ ከለር ያለው ክር ሁሉ ነበረበት፣ አሁን መሰኪያው ጠቅ ብሎ ይገባል። ደርሶቹን ወደ ቮይስ፣ መንዙማውን ወደ ሚዩዚኮሌት አስገብቻለሁ፤ ቁልፏም እንደተባለው ትታዘዛለች። ጎማ ያለውን ማዳመጫ ገና አልገዛሁም።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ከቴሌግራም ቻናል ያወረድኳቸው ደርሶች በቮይስም በሚዩዚኮሌትም አይታዩም፤ ከዚህ በፊት ያወረድኳቸውም አንዳንዶቹ ከቴሌግራሙ ውስጥ ጠፍተው እንደገና አውርድ ይለኛል። የከፈልኩበት ዳታ እያሳዘነኝ ነው።

ታይዋን ጥገና (ድሬዳዋ)

ቴሌግራም ያወረደውን የሚያስቀምጠው በራሱ ጓዳ ውስጥ ነው፤ ከአንድሮይድ 11 ወዲህ ሌሎች መተግበሪያዎች ወደዚያ ፎልደር መግባት አይፈቀድላቸውም። የሚጠፉትም የቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» በሚለው ሥር፣ የወረዱ ፋይሎች ለስንት ጊዜ ይቆዩ የሚል ምርጫ ስላለ ነው፤ አጭር ጊዜ ተመርጦ ከሆነ ቀኑ ሲሞላ ከስልኩ ያጠፋቸዋል፣ ቻናሉ ላይ ግን ይኖራሉ።

ስለዚህ አንድ ደርስ ወርዶ እንዳለቀ ከጎኑ ያሉትን ሦስት ነጠብጣቦች ነክተው «ሴቭ ቱ ሚዩዚክ» የሚለውን ይምረጡ። ቅጂው ሚዩዚክ ወደሚባለው የስልኩ ፎልደር ይገባል፤ ከዚያ በፋይል ማኔጀር ወደ ሚሞሪ ካርዱ፣ ለቮይስ ወዳሳዩት የደርስ ፎልደር ያዛውሩት። በሚዛወርበት ጊዜ ማጫወቻው ያንኑ ፋይል ከፍቶ እንዳይሆን ብቻ ይጠንቀቁ። ቅጂው ካርዱ ላይ መግባቱን ካረጋገጡ በኋላ የቴሌግራሙን ካሽ (በጓዳው ያከማቸውን ጊዜያዊ ቅጂ) ቢያጠፉትም ደርሱ አይነካም።