ቤዙ ሲመታ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ዲናሞ ልቀይር?

መኪናው ኮሮላ ነው፤ ዲናሞው (ባትሪውን የሚሞላው ጄኔሬተር) 80 አምፔር። ከኋላ ባለ 18 ኢንች ሰብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) አለ፤ ሁለቱ ባለ 2 ኦም ኮይሎቹ (በውስጡ ያሉት የሽቦ ጥቅልሎች) በፓራለል (ጎን ለጎን) ታስረው 1 ኦም ላይ 2000 ዋት በሚሰጥ አምፕሊፋየር ይሠራሉ። ሚኒሞ ላይ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ) 14.2 ቮልት ያሳያል። ረዘም ያለ ቤዝ ሲመጣ 11.3 ይገባል፣ የፊት መብራቱ ይደክማል፣ አምፑም ራሱን ያጠፋል።

ገመዱ ባለ 50 ካሬ ሚሊሜትር ንጹህ መዳብ ነው፤ ኔጋቲቩ ቀለሙ በተፋቀ ባዶ ብረት ላይ ታስሯል። ከባትሪው እስከ አምፑ የሚጠፋው 0.3 ቮልት ብቻ ስለሆነ ገመዱን አልጠረጥርም። የጨመርኩት 1 ፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ በፍጥነት የሚለቅ ዕቃ) ለአጭር ምት እንጂ ለረጅሙ አልረዳም፤ አምፑ በሙሉ ኃይሉ ወደ 190 አምፔር ይስባል።

ኮይሎቹን በሲሪየስ (አንዱን ከሌላው አስከትዬ) አስሬ 4 ኦም ባደርጋቸው ኃይሉ ወደ 500 ዋት ይወርዳል፤ ድምፁ ግን የሚቀንሰው 6 ዴሲቤል ያህል ነው። ለከተማ መንዳት ይህ ይበቃል ወይስ ትልቅ ዲናሞ መግጠም የግድ ነው?