ኩላሊት ከወጣ ከ6 ዓመት በኋላ ድድ ላይ የወጣ እብጠት

ጠያቂ (ጎንደር)፦ ጤና ይስጥልኝ። በካንሰር ምክንያት ግራ ኩላሊታቸው ከ6 ዓመት በፊት የወጣላቸው አባት ላይኛው ድዳቸው ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ቀይ እብጠት አለች፤ በመፋቂያ ሲነኳት ትደማለች። አናታቸው ላይም አንድ አለ። የድድ በሽታ ብለን በጥርስ እጥበት እንለፈው?

መልስ፦ ኧረ አትለፉት! የኩላሊት ካንሰር ከ10 ዓመት በኋላም ይመለሳል። ወደ ቆዳና አፍ መዛመቱ ብርቅ ቢሆንም፣ ሲዛመት የራስ ቆዳን፣ ድድንና ምላስን ይወዳል። በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ ተራ የድድ እብጠት ይመስላል፤ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

ሌላ መልስ፦ ባዮፕሲ (ከእብጠቱ ናሙና ቆርጦ መመርመር) የግድ ነው፣ ግን እንደዋዛ አይቆረጥም፤ አደማሙ ከባድ ነው። አስቀድሞ ሄሞግሎቢን (የደም መጠን)፣ ፕላትሌት (ደም የሚያቆሙ ሴሎች) እና የደም መርጋት ይታይ፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ እንደሆነም ይጠየቁ። ስፌት፣ ጎዝና ካውተሪ (አቃጥሎ ደም ማቆሚያ መሣሪያ) እጅ ላይ ይኑር። ከሁለቱ የራስ ቆዳው ይቀላል፤ ተጭኖ ደም ማቆም ይቻላል። ናሙናው የራሱን 10 እጥፍ በሚሆን 10% ፎርማሊን (ናሙና እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ይግባ። የላቦራቶሪ መጠየቂያው ወረቀት ላይ «ኩላሊት በካንሰር ወጥቷል» ተብሎ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ በማይክሮስኮፕ ነጣ ብለው የሚታዩት ሴሎች ከምራቅ ወይም ከላብ ዕጢ የተነሳ እብጠት ሊመስሉ ይችላሉ። ከተጻፈ ግን ላቦራቶሪው ፓክስ 8 የተባለውን፣ ከኩላሊት የመጡ ሴሎችን ለመለየት የሚረዳ የናሙና ቀለም ይጠቀማል።

ጠያቂ፦ ሲቲ ስካንስ? የቀራቸው አንድ ኩላሊት ነው።

መልስ፦ መጀመሪያ ክሬአቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይለካ። አንድ ኩላሊት መሆኑ ብቻውን አይከለክልም፤ ደረትና ሆድ ግን መታየት አለባቸው። ካንሰሩ ሌላ ቦታ ከሌለ እብጠቶቹን ቆርጦ ማውጣት ይታሰባል፤ ካለ ግን ወደ ካንሰር ሐኪም ቶሎ ይላኩ።